አሮጌ የናፍጣ ትራክተር ለሚኒሶታ ብርድ እንዴት ይዘጋጃል? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ባለበጓ (ሚኒሶታ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከባለቤቴ ጋር ከሚኒያፖሊስ ወጣ ያለ ቦታ ላይ ትንሽ መሬት ይዘናል። በግና ፍየል እናረባለን፣ ሲሞቅ ጎመንና ቃሪያ እንተክላለን። ባለፈው ሐምሌ አሮጌ ማሲ ፈርጉሰን 240 ገዛን። ሦስት ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር ነው፣ ከፊቱ ሎደር (መዛቂያ አካፋ) አለው። እስካሁን ቁልፍ ስናዞርለት ወዲያው ነው የሚነሳው።

ጎረቤቶቻችን ግን "ቆይ ዊንተር ይግባ፣ ታዪዋለሽ" ይሉኛል። ከታህሳስ አጋማሽ ጀምሮ ለገና በግ የሚወስዱ ሰዎች ወደኛ ይመጣሉ። መግቢያችን ረጅም ነው፣ በረዶውን የምንጠርገውም በዚሁ ትራክተር ነው። በገና ሳምንት አልነሳም ካለ ጉዳችን ፈላ።

ትራክተሩ የሚያድረው ባርን (የእንስሳትና የድርቆሽ ቤት) ውስጥ ነው። መብራት አለ፣ ማሞቂያ የለም። ሰልባቲዮው (የነዳጅ ቋቱ) ውስጥ የሐምሌ ናፍጣ ግማሽ ያህል አለ። ራዲያተሩ ውስጥ አረንጓዴ ነገር አለ፣ ምን ያህሉ ውሃ እንደሆነ አላውቅም። የኋላ ጎማዎቹ ፈሳሽ አላቸው ብሎኛል ሻጩ፤ ምን ፈሳሽ እንደሆነ ግን እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ከየቱ ልጀምር?

መልስ፦ የዳኮታ ሾፌር

እህቴ፣ ከናፍጣው ጀምሪ። እኔ ትራክ ነጂ ነኝ፣ ሰሜን ዳኮታን ጥርም የካቲትም እመላለስበታለሁ። በብርድ መንገድ ዳር ቆመው ከማያቸው ትራኮች አብዛኞቹ ሞተራቸው ጤነኛ ነው። ናፍጣው ነው የረጋባቸው።

ናፍጣ ውስጥ ሰም አለ። ብርዱ ሲበረታ ሰሙ ይረጋል፣ ናፍጣው ይደፈርሳል። ተራው ናፍጣ፣ እዚህ ቁጥር 2 የሚሉት፣ ከ20 እስከ 10 ፋራናይት ባለው ውስጥ መደፍረስ ይጀምራል። በሴልሺየስ ከዜሮ በታች ከ7 እስከ 12 መሆኑ ነው። ሰሙ መጀመሪያ የሚዘጋው ፊልትሮውን ነው። ምልክቱ ታዲያ ሰው ያሳስታል። ሞተሩ ይነሳል፣ ጥቂት ደቂቃ ይሠራል፣ ከዚያ እየተንገዳገደ ይጠፋል። ሰውዬው ባትሪ ይቀይራል፣ ሞተሪኖ (ማስነሻውን) ያስፈታል። ጉዱ ግን ፊልትሮው ላይ እንደ ቅቤ ተጋግሮ ቁጭ ብሏል።

አንቺ ጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በሚኒሶታ ሕግ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር የሚሸጠው ቁጥር 2 ናፍጣ 20 በመቶው ባዮዲዝል (ከአትክልት ዘይትና ከሞራ የሚሠራ ነዳጅ) ነው። በብርዱ ወራት ወደ 5 በመቶ ይወርዳል፣ ምክንያቱም ባዮዲዝል ቶሎ ይረጋል። ያ የሐምሌ ናፍጣሽ ባለ 20ው መሆኑ ነው። እሱን ይዘሽ ዊንተር ውስጥ እንዳትገቢ። አሁን፣ ብርዱ ሳይጠና፣ ሥሪበትና ጨርሺው። ከዚያ የብርድ ናፍጣ ሙዪ።

የብርድ ናፍጣ የምልሽ ቁጥር 1 የተቀላቀለበትን ነው። ቁጥር 1 አገር ቤት ነጭ ጋዝ ከምንለው ብዙም የማይለይ ቀጭን ነዳጅ ነው። ከዜሮ በታች 40 አካባቢ ካልደረሰ አይደፈርስም። ዋጋው ይወደዳል፣ ጉልበቱም ትንሽ ያንሳል፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ አይቀዳም። ማደያውን "የብርድ ነው? ስንት በመቶ ቁጥር 1 አለበት?" ብለሽ ጠይቂ። አያፍሩም፣ ይነግሩሻል። ለትራክተር ቀዩን ናፍጣ መግዛት ትችያለሽ፣ የመንገድ ግብር ስለሌለበት ይረክሳል። ግን የእርሻ ናፍጣ ታንከር ውስጥ ከርሞ ሊሆን ስለሚችል መቼ እንደተሞላ አጣሪ። ቀዩን ፒክአፑ ላይ እንዳትቀጂ ደግሞ፣ ቅጣቱ አይቻልም።

አንቲጄል (ናፍጣ እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ጨምሪበት። ይሄ መድኃኒት የሚጨመረው ናፍጣው ገና ፈሳሽ እያለ ነው። ሰሙ ከረጋ በኋላ ብታፈሺበት ዋጋ የለውም። ለረጋው ሌላ አለ። እኔ የምይዘው ፓወር ሰርቪስ ነው፦ ነጩ ጠርሙስ ቀድሞ ለመከላከል፣ 911 የሚባለው ቀዩ ደግሞ ለረጋው። አንድ ቀይ ጠርሙስና አንድ አዲስ ፊልትሮ ቤት ውስጥ ሙቅ ቦታ አስቀምጪ። ባርን ውስጥ እየበረደው ያደረ ፊልትሮ ሲቸግርሽ ምንም አያደርግልሽም።

መልስ፦ ድሮ ቀረ (ሲያትል)

ይሄን ያህል ምን አስጨነቃችሁ? እኛ ድሮ ናፍጣው ላይ ቤንዚን ጠብ እናደርግ ነበር። አልነሳ ካለ ደግሞ የአየር መሳቢያው ላይ ኤተር (ቶሎ የሚነድ የማስነሻ ስፕሬይ) ትነፊበታለሽ፣ በአንዴ ይነሳል። 5 ዶላር የማይሞላ ነገር ነው።

መልስ፦ ጋሽ መፍቻ (ካልጋሪ)

ኧረ ተው ወንድሜ! ልጅቷን እንዳታስፈጃት።

ቤንዚኑን ተወው። ናፍጣ በቀላሉ እሳት አይይዝም፤ ቤንዚን ስትጨምርበት ግን ሰልባቲዮው ራሱ አደጋ ይሆናል። ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓም የሚለሰልሰው በናፍጣው ነው፣ ቤንዚን ያደርቀዋል።

ኤተሩ ደግሞ ይብሳል። ልጄ፣ ይሄን አጥብቀሽ ያዥ። ያንቺ ፐርኪንስ ካንዴሌታ (በየሲሊንደሩ የሚገባ ማሞቂያ) የለውም። በሱ ፈንታ አየር መሳቢያው ላይ ቴርሞስታርት የሚባል ነገር አለ። ውስጡ ሽቦ ይግላል፣ ናፍጣ ጠብ ይልበታል፣ እዚያው ይነድና ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ያሞቃል። ማለትም መሳቢያው ውስጥ እሳት አለ። እዚያ ላይ ኤተር ስትነፊ ምን እንደሚሆን አስቢው። መሳቢያው ሲፈነዳ፣ ፒስተን ሲሰበር አይቻለሁ። ካንዴሌታ ላለውም ያው ነው።

ቴርሞስታርቱ መሥራቱን አሁን አረጋግጪ። ቁልፉ ላይ የማሞቂያ ቦታ አለው። እዚያ ላይ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ ያዢው፣ ከዚያ አስነሺ። ቁልፉን ባልሽ ይያዝልሽና አንቺ እጅሽን አስጠግተሽ ሙቀቱን እዪ፤ እንዳትነኪው። ካልሞቀ ወይ ሽቦው ተቃጥሏል፣ ወይ ገመዱ ተነቅሏል። ከሞቀም ናፍጣ የምታደርስለት ቀጭን ቱቦ አለች፤ ብዙ አሮጌ ማሲ ላይ ተቆርጣ ወይ ተዘግታ ነው የምትገኘው። በሚሞቅበት አገር የኖረ ትራክተር ባለቤቱ ሳያውቀው ዓመታት ይሄዳል። ዕቃው ርካሽ ነው፣ እንደ ልብ ይገኛል።

ከሁሉ በላይ የምመክርሽ ብሎክ ሂተር እንድታስገቢ ነው። እኛ ካናዳ ያለነው የቤት መኪናችን እንኳ ከፊቱ የመብራት ሶኬት አንጠልጥሎ ነው የሚሄደው። ሞተሩ ውስጥ ያለውን የራዲያተር ፈሳሽ የሚያሞቅ ነው። ለፐርኪንስ በብሎኩ (በሞተሩ ዋና አካል) ታፖ፣ ማለትም መክደኛ፣ ቦታ የሚገባ አለ፣ በታችኛው የራዲያተር ጎማ ላይ የሚቀጠልም አለ። ሌሊቱን ሙሉ መሰካት የለበትም። ከመነሳትሽ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ቀደም ብሎ ይበቃል። ከሞተሩ ሥር በማግኔት የሚለጠፈውን ርካሽ ማሞቂያ ይነግሩሻል፤ ዘይቱን ትንሽ ያላላል፣ ለእናንተ ብርድ ግን አልመካበትም።

ዘይቱስ ምን ቁጥር ነው? 15 ደብሊው 40 ከሆነ ከዜሮ ፋራናይት በታች ወፍሮ ሞተሪኖውን ያስለቅሰዋል። መጽሐፉ የሚፈቅደውን አይተሽ ለናፍጣ ሞተር የሚሆን 5 ደብሊው 40 ወይም 10 ደብሊው 30 አድርጊ።

መልስ፦ የአሰላ ልጅ

እኔ አርሲ ነኝ፣ ማሲ 240 ላይ ነው መንዳት የተማርኩት። ስለ ስኖው አላውቅም። እኛ ጋ ናፍጣ አይረጋም፤ ግን ህዳርና ታህሳስ ውርጩ ሲወርድ ጠዋት ትራክተር ማስነሳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ባትሪ ደካማ ከሆነ ማታውኑ ቁልቁለት ላይ ነው የምናቆመው። ጠዋት ማርሽ አስገብተሽ ፍሪሲዮኑን ትለቂያለሽ፣ ይነሳል። አንዳንዱ ደግሞ ከዘይት ቋቱ ሥር እሳት ያነዳል፣ ወይ የፈላ ውሃ ፖምፓው ላይ ያፈሳል። ይሄ ለሷ ይሆናት ይሆን? ጋሼ ቢያብራሩልን።

መልስ፦ ጋሽ መፍቻ (ካልጋሪ)

ጎበዝ፣ ጥሩ ጠየቅህ። ቁልቁለቱ አሰላ ላይ ይሠራል። በረዶ ላይ ግን ጎማው ሳይዞር ይንሸራተታል፤ ሞተሩ አይነሳ፣ ፍሬን አይይዝ፣ አጥር ሰብሮ ነው የሚቆመው። እሳቱ ድርቆሽ ያለበት ባርን ውስጥ አይታሰብም። የፈላ ውሃውም ይቅር። ፖምፓው ውስጥ ያሉት ብረቶች ልክክ ብለው የተገጠሙ ናቸው። ውጭው በድንገት ሲሞቅና ውስጡ ቀዝቃዛ ሲሆን ሊነክስ ይችላል። ያ ፖምፓ ከተበላሸ ከትራክተሩ ዋጋ ቀላል የማይባለውን ይወስዳል።

ባትሪውን ግን ልክ ብለሃል። በዜሮ ፋራናይት ባትሪ በሙቀት ጊዜ ከነበረው ጉልበት ግማሽ እንኳ አይቀረውም። ሞተሩ ደግሞ በዚያው ሰዓት ነው ይበልጥ የሚከብደው። ደህና የተሞላ ባትሪ አይቀዘቅዝም፣ እዚያ ብርድ ውስጥም ቢያድር። ባዶው ግን 20 ፋራናይት ላይ በረዶ ሆኖ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አስመርምሪው። አርጅቶ ከሆነ አሁን ቀይሪ። ባትሪውን ከሻሲው ጋር የሚያያዘውን ገመድ ፈትተሽ በብረት ብሩሽ አጽጂው። "ባትሪ ሞተ" ከሚባለው ብዙው እዚያ ዝገት ላይ ነው ያለው።

ባለበጓ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ባይኖሩ ኤተሩን ገዝቼው ነበር። ወንድሞች ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ቴርሞስታርቱ አይሞቅም፣ ገመዱ ተቆርጦ በፕላስተር ተጠቅልሏል። ከፊልትሮው ሥር ያለችው ብርጭቆ ውስጥ ከታች ጥርት ያለ ነገር ተጠራቅሟል። የራዲያተሩን ፈሳሽ በመለኪያ ሳየው ከዜሮ በታች 5 ፋራናይት ይላል። የጎማውን ፈሳሽ እንዴት እንደምለይ ግን አላወቅኩም።

መልስ፦ የዳኮታ ሾፌር

ያ ጥርት ያለው ውሃ ነው። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ይቀመጣል። በብርድ እዚያው በረዶ ይሆንና ናፍጣውን ይዘጋል፣ ሰዉ ደግሞ ናፍጣ ረጋ ይላል። ከሥሯ ያለችውን ቡሎን አላልተሽ ናፍጣ ብቻ እስኪወርድ አፍስሺው። ከዚያ ፊልትሮውን ቀይሪና አየሩን አስወጪ። የእጅ ፖምፓዋን እየመታሽ፣ ፊልትሮው ላይ ያለውን የአየር ቡሎን ከፍተሽ፣ አረፋው ሲያልቅ ትዘጊያለሽ። ማታ ማታ ሰልባቲዮውን ሙሉ አድርጊው። ባዶው ቦታ ላይ ያለው አየር ነው ላብ ሆኖ ውሃ የሚወልደው።

መልስ፦ ጋሽ መፍቻ (ካልጋሪ)

ከዜሮ በታች 5 አይበቃሽም ልጄ። ጃንዋሪ 30 ቀን 2019 ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 28 ገብታ ነበር። ያ ፈሳሽ ብሎክ ውስጥ በረዶ ከሆነ ብሎኩን ይሰነጥቀዋል፣ ከዚያ ወዲያ ትራክተር የለሽም።

ግማሽ አንቲፍሪዝ (ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚያደርገው ፈሳሽ)፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ አድርጊ። ከዜሮ በታች 34 ፋራናይት ድረስ ይችላል። "ብርዱ ከበረታ ንጹሑን ልሙላበት" እንዳትዪ። ንጹሕ አንቲፍሪዝ ብቻውን ከዜሮ በላይ 9 ፋራናይት አካባቢ ይቀዘቅዛል። ከውሃ ጋር ሲሆን ነው ኃይለኛ። ስታወርጂ ደግሞ ከራዲያተሩ ብቻ አይደለም፤ ብሎኩ ጎን ላይ ማፍሰሻ አለ፣ እሱንም ክፈቺ። አለዚያ ግማሹ የድሮ ፈሳሽ እዚያው ይቀራል።

አንድ ነገር ልድገም፣ በግ ስላለሽ። ይሄ ነገር ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፣ መርዝ ደግሞ ነው። ውሻም ፍየልም ይልሰዋል፣ ይሞታል። በባልዲ ተቀብለሽ ክደኚው፤ መሬት ላይ ጠብታ እንዳትተዪ።

ጎማውን ደግሞ እንዲህ እዪው። ቫልቩ ወደ ታች እስኪመጣ ትራክተሩን አንቀሳቅሺ፣ ጫን ብለሽ ጥቂት ፈሳሽ በፕላስቲክ ኩባያ ተቀበዪ። የቤት ፍሪዘር ውስጥ ከምግብ አርቀሽ አሳድሪው። ፍሪዘር ዜሮ ፋራናይት አካባቢ ነው። ድንጋይ ሆኖ ካደረ ተራ ውሃ ነው፣ ይውጣ። ፈሳሽ ሆኖ ካደረ ተራ ውሃ አይደለም፤ ወይ ካልሲየም ክሎራይድ ነው ወይ ሌላ የማይቀዘቅዝ ነገር። ካልሲየሙ ጨው ስለሆነ ቸርኬውን ይበላል፣ በቫልቩ ዙሪያ ነጭ ዝገት ካለ እሱ ነው። አዲስ የምታስሞዪ ከሆነ ከሹገር ቢት (ስኳር ከሚወጣበት ሥር) የሚሠራ የማይቀዘቅዝና የማያዝግ ፈሳሽ አለ። ዋጋው ግን ከበድ ይላል።

መልስ፦ ሽቦ ቀጣይ (ዴንቨር)

እኔ ኤሌክትሪሻን ነኝ፣ ስለ ብሎክ ሂተሩ ብቻ ልናገር። በየዓመቱ ባርን የሚያቃጥለው ሂተሩ ሳይሆን ገመዱ ነው። ለገና መብራት የገዛሽውን ቀጭን ገመድ እንዳትጠቀሚ። ለውጭ የተሠራ፣ ቢያንስ 14 ጌጅ፣ ርቀቱ ከበዛ 12 ጌጅ ይሁን (የጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል)። ሁለት ገመድ አትቀጥዪ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጅሽ ዳብሺው፤ ከሞቀ አንድ ነገር ልክ አይደለም። ድርቆሹን ከገመዱ አርቂው። ሰዓት ቆጣሪ ግዢና ከንጋቱ 10 ሰዓት ላይ እንዲበራ አድርጊው፤ 1 ሰዓት ላይ ስትወጪ ሞቆ ይጠብቅሻል። ሽቦ የሚበሉ አይጦችም በብርድ ሙቅ ሞተር ይወዳሉ፣ ስትሰኪ አንዴ ተመልከቺ።

መልስ፦ ድሮ ቀረ (ሲያትል)

እሺ ጋሼ፣ የኤተሩን ነገር ትቻለሁ። ግን አንድ ልጨምር፤ ይሄንንማ አትቃወሙኝም። ማታ ስታቆሚ ሎደሩን መሬት አውርጂው፣ ከሥሩ ጣውላ አድርጊ። ጎማዎቹንም ጣውላ ላይ። ጭቃ ላይ ካደረ ጠዋት ከመሬቱ ጋር ተጣብቆ ነው የምታገኚው።

ባለበጓ (ታህሳስ)

ዛሬ ጠዋት ከዜሮ በታች 12 ፋራናይት ነበር። ሂተሩ በርቶ፣ አዲሱ ቴርሞስታርት ሞቆ፣ ጥቂት ነጭ ጭስ አውጥቶ ተነሳ። የጎማው ፈሳሽ ፍሪዘር ውስጥ አልረጋም፣ ተገላገልኩ። ሎደሩም ይሠራል። የኋላ ክንዶቹ ግን አይነሱም። የበረዶ መጥረጊያ ምላጩን የምናስረው እዚያ ላይ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል አሞቅኩት፣ ጎተት ጎተት ብሎ ተነሳ። ምን ይሆን? ደግሞስ ባርን ውስጥ በር ዘግቼ ባሞቀው ይሻላል?

መልስ፦ ጋሽ መፍቻ (ካልጋሪ)

እሰይ! በሩን ግን ክፈቺ፣ ሁልጊዜ። የሚገድለው ጭስ አይታይም፣ አይሸትም። በጎቹም እዚያው ናቸው። አስነስተሽ ወዲያው ወደ ውጭ አውጪው፣ እዚያ ይሙቅ። ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ረጋ ባለ ዙር ይበቃል። ሰዓት ሙሉ ሥራ ፈትቶ እንዲያጓራ አትተዪው፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ያልተቃጠለ ናፍጣ ይጠራቀምበታል፣ ማርሚታውም (የጭስ መውጫው) ያንጠባጥባል። ሞቅ ሲል ቀስ ብለሽ ሥሪበት፣ የሚሞቀው በሥራ ነው።

ክንዶቹን በሚመለከት፣ ማሲ ላይ የሃይድሮሊኩ ፖምፓ ካምቢዮው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ከታች ነው የሚቀመጠው። ውሃ ገብቶ ከሆነ ውሃውም እዚያው ታች ነው። በረዶ ሆኖ ወንፊቱን ይይዘዋል፣ ሲሞቅ ይለቃል። የዘይት መለኪያውን አውጥተሽ እዪው። ወተት መስሎ ነጣ ካለ ውሃ ነው። ነጭ ካልሆነና ወፍራም ብቻ ከሆነ ዘይቱ ለብርድ አይሆንም ማለት ነው፣ መጽሐፉ የሚፈቅደውን ቀጭኑን አድርጊ።

ባለበጓ

ቡና በወተት ይመስላል ጋሼ።

መልስ፦ ጋሽ መፍቻ (ካልጋሪ)

እንግዲያው ከየት እንደገባ ፈልጊ። ብዙ ጊዜ ከማርሽ መምቻው ጎማ ነው። ተቀዶ ዝናብና በረዶ ያስገባል፣ እሱን ቀይሪ። ዘይቱን ስታወርጂ ትራክተሩ አንድ ሌሊት ቆሞ ቢያድር ጥሩ ነው፣ ውሃው ከታች ይሰበሰባል። ግን በረዶ ሳይሆን፤ ስለዚህ ብርዱ የላላበትን ቀን ጠብቂ። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃው ነው። ሁሉንም ማፍሰሻ ክፈቺ፣ አንድ ብቻ አይደለም። ወንፊቱን በናፍጣ እጠቢው። እስከዚያ ምላጩን ተይውና በሎደሩ ጥረጊ፣ በጎቹ ገና እስኪደርስ ያልቃሉ።